ማሠልጠኛ ውስጥ ለተሰበሩት ልጆች ወረቀት ስጧቸው፤ ግልጽ ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ

በሠራዊት ጤና፣ በጡረታና በአካል ጉዳት ማስረጃ ሥራ ላይ ላላችሁ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ጡረታ የወጣሁ የሠራዊት ሐኪም ነኝ። ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት በነበረበት ጊዜ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም.፣ ጎጃም ቆላ ውስጥ አንድ ማሠልጠኛ ተመድቤ ምልምል ወታደሮችን አክም ነበር። የማሠልጠኛውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አንድን ቦታ ወይም አንድን አዛዥ ለመክሰስ አልተነሣሁም። ሌላ ቦታ የነበሩ ባልደረቦቼም ስንገናኝ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ሥልጠና ላይ እያሉ የተሰበሩ፣ ታመው አካላቸው የጎደለ ልጆች ነበሩ። ግንባር ሳይደርሱ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። እርዳታ ወይም አበል ሲጠይቁ "ማስረጃ አምጣ" ይባላሉ። የሚያመጡት የላቸውም። ጥይት ስላልመታቸው ቁስለኛ ብሎ የሚጠራቸው የለም። አንዳንዶቹ አፈላልገው ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። "ዶክተር፣ ያኔ ያዩኝ አንቱ አይደሉ? እስቲ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ" ይሉኛል። እጽፍላቸዋለሁ። ግን የጡረተኛ ወረቀት ማኅተም የለውም። ማኅተም የሌለው ወረቀት በእኛ አገር የት ድረስ እንደሚያስኬድ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ቢሮ ቁጭ ብሎ ለሚያስበው ሰው፣ የጦርነት ጊዜ ሐኪም ሥራው ጥይት ማውጣት ይመስለዋል። የማሠልጠኛ ሐኪም ግን ጥይት የሚያየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። የሚያየው እግር ነው። ትኩሳት ነው። ቅማልና ተቅማጥ ነው። እነዚህ ልጆች በምን እንደተጎዱ እንዲገባችሁ፣ ቀኑ እንዴት ይውል እንደነበር ላውራችሁ።

ፊሽካ የሚነፋው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ገና ሳይነጋ ሩጫው ይጀመራል። 12 ሰዓት ሲሆን ታማሚዎች ክሊኒኩ ፊት ይሰለፋሉ። ክሊኒክ የምለው ቆርቆሮ ጣራ ያለው አንድ አዳራሽ ነው። ግማሹን በብርድ ልብስ ጋርደን መኝታ አድርገነዋል። አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ በመስታወት ብርሃን የሚሠራ። ፀሐይ ስትወጣ ይሠራል፣ ደመና ሲሆን ላቦራቶሪው ዝግ ነው። ክረምት ላይ የወባ ምርመራ ከሰማዩ ጋር ተነጋግሮ ነበር የሚደረገው።

ሰልፉ ላይ የጋንታ ኃላፊዎችም አብረው ይቆማሉ። ማን እውነት ታሟል፣ ማን ለግሟል የሚለውን ለማጣራት ነው። ልጁ የሚያመውን ሲነግረኝ አንድ ዓይኑ እኔ ላይ፣ አንዱ አለቃው ላይ ነው። እንደዚህ ሆኖ እውነቱን የሚናገር ታማሚ አይገኝም። አንዱ አጋንኖ ያወራል። ሌላው፣ በተለይ ጨዋ የገበሬ ልጅ፣ ዝም ብሎ ይችላል። እኔን የሚያሰጋኝ የሚጮኸው አልነበረም፤ የሚችለው ነው።

ሠልጣኞቹ ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ከጮቄ ሥር፣ ከሰከላ፣ ከሞጣ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡት ብዙ ነበሩ። ባዶ እግሩን ወይም በኮንጎ ጫማ ያደገ ልጅ ዛሬ ቡትስ ጫማ ይሰጠዋል፤ ነገ ይሮጥበታል። ልኩ ከሆነ ዕድለኛ ነው። "42 አልቋል፣ 44 ውሰድ" ይባላል። በሳምንቱ ተረከዙ ይላጣል፣ ያመረቅዛል፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣል። ከምሥራቅ ጎጃም ከመጡት ውስጥ እግራቸው ማበጥ የጀመረ አገኝ ነበር። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ በኩል የታወቀው የእግር ዝሆኔ ነው። ትንኝ የሚያመጣው ዓይነት አይደለም፤ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር መሄድ ነው የሚያመጣው። ልጁ ጫማ ያስፈልገው የነበረው በሕፃንነቱ ነበር። የደረሰው ግን ከክላሽ ጋር ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። ያኔ የልደት ምዝገባ የሚባል ነገር ገጠር አልደረሰም። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ "ስንት ዓመትህ ነው?" ስል መልሱ ሁልጊዜ አሥራ ስምንት ነው። ጢም የሌለው አሥራ ስምንት፣ ድምፁ ያልጎረነነ አሥራ ስምንት። የጥበብ ጥርሱን እያየሁ የጠረጠርኩትን መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር። ያ ጽሑፍም ዛሬ ቢገኝ ለስንቱ ማስረጃ በሆነ።

ወደ ዋናው ልምጣ። በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ላይ የእግር ሕመም ሰልፉን ይሞላዋል። ቅልጥም፣ የእግር መዳፍ፣ አንዳንዴ ጭን። ልጁ አልወደቀም፣ ማንም አልመታውም። ግን አጥንቱ ተሰንጥቋል። ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሩጫና ሸክም ሲጫንበት አጥንቱ ራሱን ለማጠንከር መጀመሪያ ይሳሳል፤ ዕረፍት ካላገኘ በዚያው ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ላይ ኤክስሬይ ቢነሣ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው። እኛ ደግሞ ኤክስሬይ የለንም። ያለን እጅ ነው፤ አጥንቱን በአንድ ጣት ተጭኖ የሚያመውን ቦታ መፈለግ። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ ሌላ የለውም። ወጌሻ እንኳ አይረዳም። ማታ ማታ ተደብቀው የሚያሻቸው አንድ ወጌሻ ሠልጣኝ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ እጁም ለወለምታ የተመሰገነ ነው። የተሰነጠቀ አጥንት ሲያሽ ግን እያባሰው ነበር። ቆይቶ ረዳታችን አደረግነው። ለወለምታው እሱ፣ ለስንጥቁ እኛ ሆንን።

የቅልጥሙ ስንጥቅ ካረፈ ይድናል። የሚያስፈራው የጭን አጥንት አንገት ነው፤ ዳሌ ውስጥ የሚገባው። ምልክቱ የብሽሽት ሕመም ብቻ ነው። አያብጥም፣ አይቀላም። አለቃ ዓይን ውስጥ ልግም ይመስላል።

በሞጣ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ብሽሽቱን አመመው። እግሩን ሳዞረው ፊቱ ተለወጠ። ሙሉ ዕረፍት ብዬ ጻፍኩለት፤ ክራንችም ሰጠሁት። ወረቀቱን ለአሠልጣኙ ሲያሳይ ተቀደደ። "አንተም እንደ ሐኪሙ ልትተኛ ነው?" ተባለ። ክራንቹ ተመለሰልኝ። ሄጄ ተናገርኩ፣ ተከራከርኩ፤ "ዶክተር፣ ሁሉም እግሩን ነው የሚያመው፣ ለሁሉም ከጻፍክ ማንን ልናዘምት ነው?" የሚል መልስ አገኘሁ። በቀጣዩ የሸክም ጉዞ ላይ ልጁ ወደቀ። አጥንቱ ለሁለት ሆኗል። በእንጨትና በብርድ ልብስ በተሠራ ቃሬዛ አመጡት። የማሠልጠኛው መግቢያ መንገድ በክረምት ጭቃ ነው፤ መኪናው እየተገፋ ወጣ። ሆስፒታል ደርሶ፣ ወደ ሌላ ተልኮ፣ ቀዶ ሕክምና እስኪያገኝ ቆየ። እዚያ ቦታ ላይ አጥንት ለሁለት ሲሆን ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ሕክምናው ሲዘገይ አጥንቱ ይሞታል። ዛሬ አንድ እግሩ አጭር ነው። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አርሶ አይበላም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከድርሻው ይኖራል። እርዳታ ሲጠይቅ "የት ግንባር ቆሰልክ?" ይሉታል።

አሠልጣኙን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። እሱም በጥቂት ወራት ውስጥ የሠለጠነ ሻለቃ ጦር አስረክብ ተብሏል። ግንባሩ ይጠብቃል። በየካቲት 1991 የነበረውን ውጊያ ሰምተናል፤ የሚመጣውም ቀላል እንዳልሆነ ሁላችን ገብቶናል። ያልሠለጠነ ልጅ ግንባር ላይ እንዳይሞት ብሎ ነው የሚያሯሩጠው። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የሐኪም ወረቀት ምክር ነበር፤ ትእዛዝ አልነበረም። የቀደደውም አይጠየቅም ነበር።

ቅማል ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሲሰማው ይስቃል ወይ ያፍራል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ብርድ ልብስ አንዱን ለሁለት ነው። ውኃ በቦቴ ይመጣል፤ መጀመሪያ ለማብሰያ፣ ከዚያ ለመጠጥ፣ ከተረፈ ለገላ። አይተርፍም። በክረምት ሌሊት ልጆቹ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ የልብስ ቅማልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚያ ግርሻ ይገባል፤ ተመላላሽ ትኩሳት የምንለው። ድንገት ይጀምራል። ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ አንዳንዴ ነስር፤ የአንዳንዱም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ ለቀቅ ያደርገዋል። "ድኛለሁ" ብሎ ወደ ጋንታው ይመለሳል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ይጥለዋል።

ይህ በሽታ በቅማሉ ንክሻ አይደለም የሚተላለፈው። ቅማሉ ሲፈነዳ ነው። በጥፍሩ ደፍጥጦት በዚያው ጥፍር ሲያክ፣ ጀርሙ በተጫረው ቆዳ ይገባል። ልጆቹ ደግሞ ማምሻውን ክብ ሠርተው ቅማል መግደልን ጨዋታ አድርገውታል። ብዙ የገደለ ይሸለማል። "በጥፍራችሁ አትግደሉ፣ ልብሱን ቀቅሉት" ብል ማን ይሰማኛል! በምን ይቀቅሉት? በርሜል እስኪመጣልን ስንት ደብዳቤ ተጽፏል።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን። አስቸጋሪው ከመርፌው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጀርሙ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ሰውነት ይናወጣል። ልጁ በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከነአልጋው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ግሉኮስ ተሰቅሎለት አጠገቡ ሰው ቁጭ ብሎ ያን ሰዓት ካሳለፈው ይድናል። ጓደኞቹ የሚያዩት ግን ሌላ ነው። በእግሩ መጣ፣ ተወጋ፣ ሊሞት ነው! ወሬው በአንድ ሌሊት ማሠልጠኛውን ዞረው። በማግሥቱ ትኩሳት ያለበት ሁሉ ተደበቀ። ሰልፉ ላይ እግር የሚያመው ብቻ ቀረ።

አንድ ዘዴ ዘየድን። ተወግቶ የዳነ ልጅ እየፈለግን አዲስ ከሚወጋው ጎን እናስቀምጠዋለን። "አሁን ያንቀጠቅጥሃል፤ አይዞህ ወንድምዓለም፣ እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር" ይለዋል። የእሱ ቃል ከእኔ ዲግሪ በላይ ይሠራ ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ ይህ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ባሕር ዳር በካምፕ በተሰበሰቡት ወታደሮች ላይ ግርሻ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። ያ ከሆነ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቦታውም ያው ጎጃም ነው። የዚያን ጊዜውን መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው ቢኖር፣ በርሜሉና ሳሙናው ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ጋር በአንድ መኪና ይመጣ ነበር።

ወባውም እንደዚያው ነው። ደገኛ ልጅ ቆላ ወርዶ መስከረም ላይ ሜዳ ላይ ቢተኛ ንዳድ እንደሚይዘው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የጎጃም እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ሰውነቱ በሽታውን ለምዶት አያውቅም። በ1951 ዓ.ም. ወባ ወደ ደጋው ጫፍ በወጣ ጊዜ በአገሪቱ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ያኔም የሞተው በብዛት ያልለመደው ነው። በእኛ ጊዜ ክሎሮኪን አልሠራ ብሎ ወደ ፋንሲዳር የተዞረበት ወቅት ነበር። ኮአርተም የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አጎበርም በብዛት መታደል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ወደ አንጎል የወጣባቸውን በኩዊኒን ነበር የምናተርፈው። ከተረፉት ውስጥ የሚጥል በሽታ ይዞት የወጣ አለ። ቤተሰቡ ጠበል ለጠበል ይዞት ዞሯል። ማሠልጠኛ ውስጥ ራሱን ስቶ እንደነበር የሚያስረዳ አንድ መስመር ጽሑፍ የለውም።

የሙቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። "ውኃ የጠጣ ወታደር ይዝላል" የሚል እምነት ነበር። ውሸት ነው። በቆላ ፀሐይ ሸክም ይዞ የሚሮጥ ሰው ውኃና ጨው ካላገኘ ሰውነቱ ይግላል፣ ይዘላብዳል፣ ይወድቃል። ልጆቹ "ምች መታን" ይላሉ፤ ዳማ ከሴ የሚያሸትቱም ነበሩ። ሽንቱ ኮካ ኮላ መስሎ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊቱን ሲደፍነው ነው እንደዚያ የሚሆነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር። በየቀኑ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ጋንታ፣ ምርመራ፣ የተሰጠ ውሳኔ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ተኩስ እንዲቆም ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። እኛም ንብረት እያስረከብን ወደየምድባችን ተበተንን። መዝገቦቹን ከአልጋውና ከማይክሮስኮፑ ጋር አስረክቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አልጋውን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሳይገኝ አይቀርም፤ የንብረት ክፍል ለአልጋ ይጠነቀቃል።

የምጠይቃችሁ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ መዝገቦች ይፈለጉ። ከተገኙ በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ማስረጃውን ይውሰድ፤ ሥልጠና ላይ የደረሰበት ጉዳትም በአገልግሎት ላይ የደረሰ ተብሎ ይያዝለት። መዝገቡ ከጠፋ ጥፋቱ የታማሚው አይደለም። አብረውት የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች ምስክርነትና የዛሬ ኤክስሬይ ይበቃል። በተለይ የጭን አጥንት አንገት ስብራት ዕድሜ ልኩን ምልክት ይተዋል፤ ማንም የአጥንት ሐኪም አይቶ ይናገራል። የሞጣውን ልጅ ግንባር ሳትደርስ ነው የተጎዳኸው ብሎ መመለስ ግን ተገቢ አይደለም። ጠርታችሁ የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የተሰበረውም እናንተ ዘንድ እያለ ነው።

ለወደፊቱ ደግሞ ሁለት ቀላል ነገር። ሠልጣኝ ማሠልጠኛውን ለቆ ሲወጣ፣ በጤናም ይውጣ በሕመም፣ የሕክምና ካርዱን ቅጂ በእጁ ይያዝ። አንድ ወረቀት ነው፤ ወጪውም የፎቶ ኮፒ ነው። ሐኪም ዕረፍት ብሎ የጻፈውን የሚሽር አዛዥ ካለም ይሻር፤ ጦርነት ነው፣ ይገባኛል። ግን መዝገቡ ላይ "እኔ ሽሬዋለሁ" ብሎ ስሙን ጽፎ ይፈርም። መፈረም ሲመጣ ስንቱ ወረቀት ሳይቀደድ እንደሚቀር ታያላችሁ።

ጎጃም ዛሬም ሰላም አላገኘም። ስለ ዛሬው ማን ትክክል እንደሆነ ለመጻፍ አይደለም ብዕር ያነሣሁት፤ ለዚያ ሌላ ጸሐፊ አይጠፋም። ማንም ይሁን፣ የት ጫካ ወይም የት ካምፕ ይሁን፣ ወጣት ሰብስቦ የሚያሠለጥን ሁሉ ይህን ደብዳቤ እንደ ተጻፈለት ይቁጠረው። እናቶች በር ላይ በሶና ድርቆሽ ይዘው ሲመጡ "ልጄ እንዴት ነው?" ብለው የሚጠይቁት ሐኪሙን ነው። ያኔ በር ላይ የመጡት እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። ከልጆቻቸው መካከል አንዳንዶቹ አሁንም በእነሱ እጅ ነው የሚጦሩት።

መዝገቦቹን ያስረከብኩበት የርክክብ ሰነድ ቅጂ እጄ ላይ አለ። ብዛታቸው፣ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ፣ ቀኑም አለበት። እዚህ አላወጣውም፤ የሰው ስም ስላለበት። ጉዳዩን የሚይዝ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ከጠየቀኝ ዋናውን ይዤ እቀርባለሁ። የትኛው ስብራት እንዴት እንደደረሰ ቃሌን እሰጣለሁ። ከዚያ ጊዜ ያሉ ሁለት ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያችንም በሕይወት አሉ፤ ለመመስከር ፈቃደኞች እንደሆኑ ጠይቄያቸዋለሁ። ሦስቱም እሺ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሠራዊት ሐኪም
ደብረ ማርቆስ